ብርሃን ሲነካቸው ዝም የሚሉ ሴሎች፦ ግልብጡ የኛ ዓይን ነው ወይስ የዝንብ?

ሰነፍ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለፊዚዮሎጂ ፈተና እያነበብኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አለመግባቱ ሳያንስ ጭራሽ አናደደኝ። በዓይናችን ውስጥ ያለው፣ በደብዛዛ ብርሃን የምናይበት ሮድ ሴል ጨለማ ሲሆን ኬሚካሉን ሳያቋርጥ ያፈሳል፣ ብርሃን ሲነካው ደግሞ ዝም ይላል ይላል መጽሐፉ። እንዴ! ብርሃን ለማየት የተሠራ ሴል ብርሃን ሲመጣ ነው ዝም የሚለው? የበር ደወል ሰው ሳይኖር ሲጮህ ውሎ እንግዳ ሲመጣ ጭጭ እንደማለት እኮ ነው።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይሄ ነገር በእንስሳት ሁሉ እንዲህ ነው ወይስ የኛ ብቻ ጣጣ? ሁለተኛ፣ እግረ መንገዴን፣ ከሁሉም ምርጡ ዓይን የማን ነው? ሁለተኛው ለፈተና ሳይሆን ለክርክር ነው።

ቁራ፦
የንስር። ክሩ ተዘጋ።

ሰነፍ ተማሪ፦
@ቁራ ምክንያትስ?

ቁራ፦
ስሜን አይተህ ለወገኑ ያደላል እንዳትለኝ። ፎቪያ የምትባለዋን ታውቃታለህ፣ ቀለም የምንለይባቸው ኮን ሴሎች ጥቅጥቅ ብለው የታጨቁባት፣ ጥርት አድርገን የምናይባት ትንሽ ጉድጓድ። እኛ በየዓይናችን አንዳንድ አለችን። ንስር በአንድ ዓይኑ ሁለት አለችው፣ አንዷ ወደ ፊት፣ አንዷ ወደ ጎን ለማየት። በቃ።

ጨለማ ክፍል፦
የደወሏ ምሳሌ ጥሩ ናት፣ ትንሽ ላቃናት። ሥራዬ የአይጥ ሬቲና ላይ ነው፣ ብርሃን ተቀባይ ሴሎቹ ያሉበት የዓይን የኋላ ክፍል ላይ።

በጨለማ የሮዱ በሮች ክፍት ናቸው። ሶዲየምና ካልሲየም ይገባሉ፣ የሴሉ ቮልቴጅ −40 ሚሊቮልት አካባቢ ይቆያል፣ ግሉታሜት የሚባለው ያ ኬሚካልም ይፈሳል። በሮቹን ከፍቶ የያዘው ሳይክሊክ ጂኤምፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ነው። አንድ ፎቶን፣ የብርሃን ቅንጣት ማለት ነው፣ መጥቶ ሮዶፕሲን የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ ያ አንድ ሮዶፕሲን ትራንስዱሲን የሚባሉ ብዙ ፕሮቲኖችን ይቀሰቅሳል፣ እነሱ ሳይክሊክ ጂኤምፒን የሚበጣጥሰውን ኤንዛይም ያስነሳሉ፣ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ቮልቴጁ ወደ −70 ይወርዳል፣ ግሉታሜቱ ይቀንሳል። ዝም አለ የሚባለው ይሄ ነው። ዝምታው ግን ራሱ መልእክት ነው። ቀጥሎ ያለው ባይፖላር ሴል ያነበዋል። እንደውም አንዱ የባይፖላር ዓይነት ግሉታሜት የሚያፍነው ስለሆነ፣ ሮዱ ዝም ሲል እሱ ይነቃል። ደወሉ መጮህ ሲያቆም የሚነቃ ዘበኛ አለ በለው።

ይሄ አሠራር ውድ ነው። የሚገባውን ሶዲየም መልሶ ለማስወጣት ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ስለዚህ ሮዶች ከብርሃን ይልቅ በጨለማ ነው ብዙ ጉልበት የሚያቃጥሉት። በምላሹ የምናገኘውን ግን ተመልከት። በ1942 ሄክት፣ ሽሌርና ፒሬን ሰው ደብዛዛ ብልጭታን ለማየት ሮዶቹ 5 እስከ 14 ፎቶን ከዋጡለት እንደሚበቃው አሳዩ። ፎቶኖቹ 500 በሚሆኑ ሮዶች ላይ ስለሚበተኑ፣ አንድ ሮድ አንድ ፎቶን ብቻ ቢደርሰውም ያውቃል ማለት ነው። በ1979 ቤይለር፣ ላምብና ያው የጉርጥን ሮድ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ስበው የአንዲቷን ፎቶን ምላሽ በቀጥታ ለኩ። ከዚያ በታች መውረድ አይቻልም። ግማሽ ፎቶን የለም።

ሰነፍ ተማሪ፦
እሺ፣ አሁን ንዴቴ በረደ። በእንስሳት ሁሉ እንዲህ ነው ወይ ለሚለውስ?

ዝንቧ፦
አይደለም! ስሜን ያወጣሁት ለዚሁ ነው፤ ነፍሳት ላይ ነው ያጠናሁት።

ዝንብ፣ ንብ፣ ስኩዊድ፣ ኦክቶፐስ ተቃራኒ ናቸው። በጨለማ በሩ ዝግ ነው፣ ብርሃን ሲመጣ ይከፈታል፣ ቮልቴጁም ሽቅብ ይወጣል። አንተ እንደጠበቅኸው ማለት ነው፣ እንግዳ ሲመጣ የሚጮህ ደወል። ውስጡ ያለው ማሽንም ሌላ ነው። ሳይክሊክ ጂኤምፒ ሳይሆን ፎስፎሊፔዝ ሲ የሚባል ኤንዛይም ይነሳና ትሪፕ የሚባሉት በሮች ይከፈታሉ። ስማቸው የመጣው ከአንዲት የታመመች የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ብርሃኑ ሳይጠፋባት የዓይኗ ምላሽ ቶሎ ይጠፋ ነበር። በኋላ ዘመዶቻቸው እኛም ሰውነት ውስጥ ተገኙ፣ ሙቀትና የበርበሬ ማቃጠል የሚሰማን በነሱ ነው።

ፍጥነቱ ደግሞ ጉድ ነው። እኛ የሚርገበገብ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ አካባቢ ሲደርስ የማይቋረጥ ብርሃን ይመስለናል። በፍጥነት የሚበሩት ዝንቦች ከ200 በላይም ይለዩታል። እጅህን ሰንዝረህ የምትስታት ለዚህ ነው። ላንተ ቀልጠፍ ያለ ምት ለሷ ተጎታች ነገር ነው።

ሙግት ወዳድ፦
ታዲያ ተሸንፈናል እኮ። በዚያ ላይ የኛ ሬቲና የተገጠመው ተገልብጦ ነው። ብርሃን ተቀባዮቹ ከኋላ፣ ሽቦዎቹ ከፊት። ብርሃኑ ነርቮቹን ሁሉ ሰንጥቆ ማለፍ አለበት። ሽቦዎቹ ተሰብስበው በሚወጡበት ቦታ ደግሞ ምንም አናይም፣ ዕውር ነጥብ ይሉታል። ኦክቶፐስ ሽቦው ከኋላ ነው፣ ዕውር ነጥብ የለውም። እንደኔ ምርጡ ዓይን የኦክቶፐስ ነው፣ ክርክር አያስፈልገውም።

ጨለማ ክፍል፦
@ሙግት ወዳድ ይሄ ነገር በየቦታው ይደጋገማል፣ ግማሹ እውነት ነው። ዕውር ነጥቡ አለ። ግን ሬቲና መስታወት እንጂ ግድግዳ አይደለም፣ ብርሃን ያሳልፋል። ሙለር ሴሎች የሚባሉት ረጃጅም ሴሎች ደግሞ ከፊት እስከ ኋላ ተዘርግተው ብርሃኑን እንደ ፋይበር ኬብል እየመሩ ያደርሱታል፣ በ2007 ታይቷል። ፎቪያ ላይ እንደውም ሽቦዎቹ ወደ ጎን ገለል ተደርገዋል።

ተቀባዮቹ ከኋላ መሆናቸው ትርፍም አለው። ጥቁሩን የኋላ ሽፋን ይነካሉ፣ ያ ሽፋን ነው የሚንከባከባቸው። ሮዶፕሲን ፎቶን ከመታው በኋላ ሬቲናል የምትባለዋን ከቫይታሚን ኤ የተሠራች ቁራጭ ይለቃታል። ሽፋኑ አድሶ ይመልሳታል። ከደማቅ ብርሃን ጨለማ ስትገባ በደንብ ለማየት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ የሚፈጅብህ ይሄ ዕድሳት ቀርፋፋ ስለሆነ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ቀን በኢንፍራሬድ ብቻ እያየሁ ሁለት ሰዓት ሙሉ የአይጥ ሬቲና ሳዘጋጅ ቆየሁ። ከሽፋኑ ለይቼ፣ አጥቤ፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጥኩት። ከዚያ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ጠራ፣ እኔ ጅሉ ማን እንደሆነ ላይ ብዬ አወጣሁት። ስክሪኑ በራ። አለቀ። ሽፋኑ ስለሌለ ሮዶቹ የሚያድሳቸው የለም፣ የዕለቱ ሥራ ገደል ገባ።

ዝንቧ፦
@ጨለማ ክፍል ሃሃ አይዞህ። የዝንብ ዓይን ቢሆን ይምርህ ነበር። የነሱ ሮዶፕሲን ሬቲናሏን አይለቅም፣ እንደያዛት ይቀመጣል። ሌላ ቀለም ያለው ፎቶን ሲመታው ወደ ቦታው ይመለሳል። ብርሃን ያጠፋውን ብርሃን ያድሰዋል።

ሙግት ወዳድ፦
ይኸው፣ የኔን ሐሳብ እያጠናከራችሁልኝ ነው።

ጨለማ ክፍል፦
ቆይ አልጨረስኩም። ዋናው ነገር ገና ነው፣ ለዚህ ነው ምርጡ የማን ነው የሚለው ጥያቄ የማይጥመኝ።

የኦክቶፐስ ብርሃን ተቀባይ ሽቦውን በቀጥታ ወደ አንጎሉ ይልካል። ሬቲናው ውስጥ የባይፖላርና መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልከው የጋንግሊዮን ሴል ንብርብር የለም፣ ሒሳቡ የሚሠራው ከዓይን ውጪ፣ ኦፕቲክ ሎብ ላይ ነው። የኛ ሬቲና ግን ራሱ የአንጎል ቁራጭ ነው። በሰው ዓይን 120 ሚሊዮን ገደማ ሮድና 6 ሚሊዮን ገደማ ኮን አለ። ወደ አንጎል የሚወጣው ሽቦ ግን አንድ ሚሊዮን ቢሆን ነው። ስለዚህ ሬቲናው ያየውን ሁሉ አይልክም። ያጣራል፣ ያነጻጽራል፣ ይጥላል። ኩፍለር በ1953 ድመት ላይ እንዳሳየው አንድ ጋንግሊዮን ሴል ግድ የሚሰጠው ብርሃን መኖሩ ሳይሆን መሐሉ ከዙሪያው መለየቱ ነው። ወጥ ነጭ ግድግዳ ብታሳየው ብዙም አይነቃቃም፣ ጠርዝ ነው የሚወደው።

እንቁራሪት ደግሞ ከዚህም ትብሳለች። በ1959 ሌትቪን፣ ማቱራና፣ ማካሎክና ፒትስ ከእንቁራሪት የዓይን ነርቭ ሲቀዱ ትንሽ፣ ጥቁር፣ የምትንቀሳቀስ ነገር ስታልፍ ብቻ የሚጮህ ሴል አገኙ። ዝንብ ማለት ነው። ውሳኔው ግማሽ በግማሽ ዓይን ውስጥ አልቋል። ዝንቧ ካልተንቀሳቀሰች እንቁራሪቷ ምግብ ተከባ በረሃብ ልትሞት ትችላለች። ጥንቸል ላይም ባርሎና ሌቪክ በ1965 ነገሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ብቻ የሚመልስ ሴል አሳይተዋል።

እና @ሰነፍ ተማሪ፣ ሁለት እንስሳት ስታነጻጽር ስንት ሴል አለው ብለህ አትጀምር። ሒሳቡ የት ነው የሚሠራው፣ ምኑስ ይጣላል ብለህ ጀምር።

ቀይና አረንጓዴ፦
እኔ ቀይና አረንጓዴ ይምታታብኛል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ሰው ሁሉ "እንደ ውሻ ነዋ የምታየው" ይለኛል። እዚህ የሚያውቅ ካለ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፣ ሰልችቶኛል።

ቁራ፦
@ቀይና አረንጓዴ ከፊሉ እውነት ነው፣ የቀረው ስድብ ነው። ሰው ሦስት ኮን አለው፣ ይበልጥ የሚቀበሉትም 420፣ 530 እና 560 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው። ካንተ ከኋለኞቹ ሁለት አንዱ ጎድሎ ከሆነ ሁለት ቀርተውሃል። ውሻም ሁለት አለው፣ 429 እና 555 አካባቢ። በቁጥር ትመሳሰላላችሁ። ግን ቀይና አረንጓዴ ከሚምታታባቸው ሰዎች ብዙዎቹ ሦስቱም አሏቸው፣ አንዱ ብቻ ወደ ጎረቤቱ ተንሸራቶ ነው። ጥርት አድርጎ በማየት ደግሞ ውሻ አጠገብህ አይደርስም። ይሄን ጽሑፍ አንተ ከምታነብበት ርቀት ለሱ ጭጋግ ነው።

ዝንቧ፦
ላክልበት። በ2009 ከተወለዱ ጀምሮ ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ አዋቂ ስኩዊረል ዝንጀሮዎች የጎደለው የኮን ጂን ሬቲናቸው ላይ በመርፌ ተሰጣቸው። ከወራት በኋላ ለዩ። አንጎላቸው ሦስተኛ ቀለም ዓይቶ አያውቅም፣ ምልክቱ ሲመጣለት ግን ተጠቀመበት።

ቀይና አረንጓዴ፦
ዋው። ይሄን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ፣ ከምሬ።

ሙግት ወዳድ፦
እሺ ኦክቶፐስን ትቻለሁ። ማንቲስ ሽሪምፕ የሚባለው የባሕር እንስሳ! ለቀለም ብቻ 12 ዓይነት ተቀባይ አለው። እኛ በሦስት ይሄን ሁሉ ካየን እሱ በ12 ምን ሊያይ ነው? የማናስበው ቀለም።

ዝንቧ፦
እኔም ለዓመታት እንደዚያ ስል ነበር። በ2014 ግን ተፈተነ። ሁለት ቀለም እያሳዩ አንዱን እንዲመርጥ አለማመዱት። የሁለቱ ልዩነት ከ12 እስከ 25 ናኖሜትር ሲወርድ ማንቲሱ አቃተው። እኛ በጥቂት ናኖሜትር ነው የምንለየው። የሚመስለው እኛ የሦስት ተቀባይ ምልክት እያነጻጸርን ቀለሙን እንደምናሰላ፣ እሱ ግን ሳያሰላ የትኛው ተቀባይ እንደጮኸ ብቻ እንደሚያይ ነው። ፈጣን ነው፣ ግን ሻካራ። 12 ተቀባይ ይዞ ከኛ ያነሰ ቀለም መለየት!

ሙግት ወዳድ፦
ዓይኔን ግንባር ያድርገው! እሺ፣ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ያለ ሲልቨር ስፓይኒፊን የሚባል ዓሣ 38 የሮድ ኦፕሲን (ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን) ጂን እንዳለው በ2019 ወጥቷል። እኛ አንድ። ይሄንንስ አፍርሱልኝ።

ቁራ፦
ይሄን የሚያፈርስ የለም። ግን ጂን መያዝና ቀለም ማየት አንድ አይደሉም፣ ገና አሁን ዝንቧ የነገረችህን አስታውስ።

እኔን የሚገርመኝ የያዙት ሳይሆን የጣሉት ነው። ወፎች አራት ዓይነት የቀለም ኮን አላቸው፣ አንዱ ወደ ቫዮሌት ወይም አልትራቫዮሌት ያያል። በአብዛኞቹ ኮኖች ላይ ባለ ቀለም የዘይት ጠብታ አለች፣ እንደ መነጽር እያጣራች ታስገባለች። ጡት አጥቢዎች ከዳይኖሰር ተደብቀው ሌሊት ሌሊት ሲኖሩ ግማሹን ጣሉት፣ ስለዚህ አብዛኞቹ ሁለት ኮን ነው ያላቸው። እኛና የቅርብ ዘመዶቻችን ሦስተኛዋን ያገኘነው አንዷ ጂን ተባዝታ ነው። ዓሣ ነባሪና ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ ደግሞ ከቀረቻቸው ላይ የሰማያዊዋን ኮን አጡ። በሰማያዊ ባሕር ውስጥ እየኖሩ! እስካሁን ይሄ ነገር አይዋጥልኝም።

ድመት አለኝ፦
ይቅርታ በመሐል ገባሁ፣ የድመት ዓይን ማታ የሚያበራው በሮዱ ነው?

ጨለማ ክፍል፦
@ድመት አለኝ አይደለም፣ ከሬቲናው ኋላ ታፔተም የሚባል አንጸባራቂ ንጣፍ አለ። ሮዶቹ ሳይዙት ያለፈውን ብርሃን መልሶ ይወረውርላቸዋል፣ ሁለተኛ ዕድል ነው። ያንተ መብራት ሲመታው የምታየው ያንኑ ነው። የሰሜን ዋልታ ሬንዲር ታፔተም በበጋ ወርቃማ ሆኖ በክረምቱ ጨለማ ሰማያዊ ይሆናል።

ጌኮ የሚባለውን እንሽላሊት ግን ማንም አላነሳም? የጥንት ዘሮቹ ቀን ላይ ብቻ የሚወጡ ስለነበሩ ሮዳቸውን አጡ። ኋላ ሌሊት መውጣት ጀመሩ። የጠፋው ሮድ አልተመለሰም፣ ኮኖቹ ናቸው አብጠውና ረዝመው የሮድን ሥራ የያዙት። ሦስት ዓይነት ኮን ስለሆኑ ደግሞ እኛ ሁሉም ነገር ግራጫ በሚሆንብን የጨረቃ ብርሃን ቀለም ይለያሉ። ሄልመት ጌኮ ላይ ሲለካ የቀለም እይታው ከሰው 350 ጊዜ ያህል ለደብዛዛ ብርሃን ስሱ ሆኖ ተገኘ። ንስርንም ኦክቶፐስንም እኔ በዚህ እለውጣለሁ።

ጡረታ ላይ፦
ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። በዓይን ሕክምና ነርስነት ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ፣ ይሄን ሁሉ ሳይንስ አልተማርኩም። ዳፍንት ግን አውቃለሁ። ፀሐይ ሲገባ የሚደናቀፍ፣ ቀን ላይ ግን ምንም የሌለበት ልጅ ይዘው ይመጣሉ። ቫይታሚን ኤ ሲሰጠው ይመለሳል። ሮዱ መጀመሪያ እንደሚጎዳ አሁን ከናንተ ጽሑፍ ገባኝ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ሬቲናቸው ተበልቶ ጨርሶ የማያዩ ሰዎች ነበሩ። ግን አንዳንዶቹ ቀንና ሌሊቱ አይምታታባቸውም፣ እንቅልፋቸው በሰዓቱ ነው። ሮድም ኮንም ከሌላቸው ብርሃኑን በምን አወቁት?

ጨለማ ክፍል፦
እናቴ፣ የክሩን ትልቅ ጥያቄ እርስዎ ጠየቁ። ለብዙ ጊዜ ተመራማሪዎችም አይቻልም ሲሉ ነበር።

በ1998 ሜላኖፕሲን የሚባል ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን ተገኘ፣ መጀመሪያ የተገኘውም በእንቁራሪት ቆዳ ውስጥ ነው። ቀጥሎ በሰው ሬቲና ታየ። በ2002 ደግሞ ጥቂት ጋንግሊዮን ሴሎች ከሮድና ከኮን ምንም ሳይቀበሉ ራሳቸው ለብርሃን እንደሚመልሱ ተለካ። ይበልጥ የሚቀሰቅሳቸው 480 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ነው። ምስል አይሠሩም። የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላሉ፣ ብሌኗን ያጠባሉ። እነዚያ ሰዎች ላይ ሳይሞቱ የቀሩት እነሱ ናቸው።

እና @ሰነፍ ተማሪ፣ ወንበርህን ያዝ። እነዚህ ሴሎች ብርሃን ሲነካቸው ዝም አይሉም። ይነሳሉ። ማሽናቸውም እንደ ዝንብ ነው፣ ፎስፎሊፔዝ ሲና የትሪፕ ዘመዶች።

ዝንቧ፦
ይህን እስክትጽፈው እየጠበቅኩህ ነበር! ስለዚህ የኛና የዝንብ እያልን የለየናቸው ሁለቱም አሠራሮች እኛው ዓይን ውስጥ አሉ። ስካሎፕም እንደዚሁ ነው፣ ያቺ ባለ ሁለት ቅርፊቷ የባሕር እንስሳ። በቅርፊቷ ጠርዝ ላይ ከተደረደሩት ብዙ ዓይኖች እያንዳንዱ ሁለት ሬቲና አለው። አንዱ ብርሃን ሲመጣ ይጮሃል። ሌላኛው ብርሃን ሲጠፋ፣ ጥላ ሲያርፍባት። ሃርትላይን ነው በ1938 የለካው። ጥላ ማለት ለሷ ጠላት ማለት ነው፣ ቅርፊቷን ጥርቅም ታደርጋለች።

ጡረታ ላይ፦
ተባረኩ። ስንቱ ጠይቆኝ መልስ አጥቼ ነበር።

ሰነፍ ተማሪ፦
ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ፈተናው ላይ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? "በሰው ሬቲና ያሉ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ሁሉ ብርሃን ሲነካቸው ሃይፐርፖላራይዝ ያደርጋሉ። እውነት ወይስ ሐሰት?" ሃይፐርፖላራይዝ ያው ቮልቴጁ ወርዶ ዝም ማለቱ ነው። ሐሰት አልኩ፣ ጎኑ ላይ ሜላኖፕሲን ብዬ ጻፍኩበት። መምህሩ ኤክስ አደረገብኝ። ወረቀቱን ይዤ ቢሮው ሄድኩ፣ የተጻፈውን አየና ትንሽ ዝም ብሎ፣ "ላንብበትና ነገ ተመለስ" አለኝ።

ሙግት ወዳድ፦
ስትሄድ ስካሎፗን እንዳትረሳት።